ጀማሪው ሩሯን ሳይነካ ጨዋታው ያልቃል፤ የገና ጌማችንን ጣዕሙን ሳናጠፋ ለአዲስ ሰው እንዴት እናስለምደው?

ሩር_ማርቆስ፦

ሰላም ጓዶች። ከደብረ ማርቆስ ነው። ሦስት ሆነን የገና ጨዋታን የስልክ ጌም አድርገነዋል። 5 ለ 5 ነው፣ አንዱ ጨዋታ 5 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሩሯን (ኳሷን) ከተጋጣሚ ድንበር ያሳለፈ ቡድን አንድ ነጥብ ይይዛል። በግራ አውራ ጣት ይሮጣል፤ በቀኝ አውራ ጣት ዱላው ወደ ኋላ ይሳብና ይለቀቃል። ሩሯ ገና አየር ላይ እያለች በልኩ ደግሞ የመታት ሰው ምቱ ይጠነክርለታል፤ እኛ «ድርብ» እንለዋለን። የጌሙ ጣዕም ያለው እሱ ላይ ነው፣ ጣጣውም ከእሱ ነው የመጣው።

ድርብ የገባቸው ልጆች ሩሯን መሬት ሳያስነኩ ሜዳውን ያቋርጣሉ። አዲስ የገባው ሲሯሯጥ ይቆይና አንዴም ሳይነካት 6 ለ 0 ያልቃል። ሁለተኛ ጨዋታ ላይ አይገኝም። ድርብን ብናወጣው ደግሞ ነባሮቹ በማግስቱ ይጠፋሉ።

ያለንበት ሁኔታ ይኸው፦ አንድሮይድ ብቻ፣ 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ መሥራት አለበት። ሰርቨሩ ጀርመን ነው፣ ኪራይ። በሥራ ቀን ማታ ኦንላይን የሚገኘው ሰው ከ30 አይበልጥም፤ አብዛኛው ከማርቆስ፣ ከባሕር ዳርና ከፍኖተ ሰላም ነው። ራንክ (የደረጃ ነጥብ) አለ፣ ነፃ ቻት አለ። ሦስት ሜዳ አለ፦ ጣና ዳር፣ ጮቄ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ። «አቅልሉት» የሚል ምክር በብዛት ደርሶናል፤ ምኑን፣ በስንት፣ የሚለውን የሚነግረን ነው ያጣነው።

ጣና_ዳር፦

መልሱ ግማሹ ጥያቄህ ውስጥ አለ፤ «አንዴም ሳይነካት» ብለሃል። ሰው መሸነፉን ይችለዋል፤ የማይችለው ሥራ ፈትቶ መሸነፉን ነው። ድርብን ከመነካካታችሁ በፊት ንክኪ ቁጠሩ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። 5 ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው፤ ሰው 10፣ ሩር አንድ። ሁሉም እኩል ቢደርሰው እንኳ ለአንዱ 30 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ጎበዞች ግማሹን ጊዜ ከያዟት ለስምንቱ 150 ሰከንድ ይተርፋል፣ ለአንዱ 19 እንኳ አይሞላም። ከስምንቱ ደግሞ መካከለኞቹ ቀድመው ስለሚደርሱ ለጀማሪው ፍርፋሪው ነው የሚቀረው። ይህ የድርብ ጥፋት አይደለም፤ የሰው ብዛት ጥፋት ነው። 3 ለ 3 ብታደርጉት ለአንድ ሰው በየደቂቃው የሚደርሰው ድርሻ ከ6 ሰከንድ ወደ 10 ሰከንድ ያድጋል። ሜዳውን ግን አብራችሁ አጥብቡ። ለ10 ሰው በተለካ ሜዳ ላይ 6 ሰው ብትለቁ ሩጫ ብቻ ይሆናል፤ ድርብ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ ማለት ሠርግና ምላሽ ነው። ርዝመቱንም ወርዱንም በ0.77 አባዙት፤ የቆዳ ስፋቱ ወደ 60 በመቶ ስለሚወርድ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ እንደ ድሮው ይሆናል። ትርፉ ደግሞ ሜዳው ሙሉ በሙሉ አንድ ስክሪን ላይ መግባቱ ነው። ካሜራው የሚንሸራተት ከሆነ ጀማሪ ሩሯ የት እንዳለች ሲፈልግ ነው ጊዜው የሚያልፈው።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየጨዋታው አራት ነገር መዝግቡ፦ የመጀመሪያው ንክኪ በስንተኛው ሰከንድ መጣ፣ ስንት ጊዜ ነካ፣ በድምሩ ስንት ሰከንድ ያዘ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ ወይስ ቆየ። ከዚያ በማግስቱ የተመለሱትንና ያልተመለሱትን ለይታችሁ አስተያዩ። ያልተመለሱት መጀመሪያ የነኩት ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በደቂቃ አንድ ንክኪን ዝቅተኛው ልክ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ በታች የወረደ ጀማሪ በበዛበት ሳምንት የሠራችሁት ለውጥ አልያዘም ማለት ነው።

ሌላው፣ ሩር ያልያዘ ሰው ምን ይሥራ? ኒንቴንዶ በ2015 ያወጣውን ስፕላቱን እዩት። 4 ለ 4 ተኩስ ነው፤ ዋናው ጨዋታ ላይ ግን አሸናፊው የሚለየው በገደለው ብዛት ሳይሆን መሬቱን በቀለሙ በሸፈነው መጠን ነው። ዒላማ መምታት የማይችል ሰው ጥግ ይዞ መሬት ይቀባል፣ ቡድኑንም በእውነት ይጠቅማል። እናንተ ጋ ገናው ራሱ ሆታ አለው። ሩር ከያዘው ወገን በቅርብ ርቀት አብሮ የሚሮጥ ሰው የሆታ መስመር ይሙላ፤ ሲሞላ ለቡድኑ የ5 ሰከንድ ፍጥነት ይስጥ። ተጋጣሚ ፊት ቆሞ መንገድ መዝጋትም ይቆጠር። ሁለቱም ቅልጥፍና አይጠይቁም፤ የት መቆም እንዳለበት ማወቅ ብቻ ነው የሚጠይቁት። እሱን ደግሞ ሰው በሦስት ጨዋታ ይለምደዋል።

ባለ_ቀመር፦

ጣና_ዳር ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ስለ አመዳደቡ ማንም አላነሳም። ራንክ አለ ብለሃል። ኤሎ (ከቼስ የመጣው የነጥብ አሰጣጥ) ከሆነ ቀመሩ የሚነግርህ ይህን ነው፦ በ200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ያህሉን ይወስዳል፣ በ400 የሚበልጥ 91 ያህሉን። ስለዚህ ሁሉም ሰው «እኩያን ከእኩያ አጋጥም» ይላል። ማታ 30 ሰው ላለው ጌም ግን ይህ ምክር አይሠራም። ከ30ው 20ው ጨዋታ ላይ ከሆነ የሚጠብቀው 10 ነው፣ ያ ደግሞ ልክ አንድ ጨዋታ ነው። ምርጫ የለህም! ሰውን 4 ደቂቃ ብታስጠብቀውም ያው ሰው ነው የሚመጣው።

ተጋጣሚ መምረጥ ካልቻልክ አከፋፈሉን ምረጥ። 10 ሰው ለሁለት አምስት አምስት የሚከፈልበት መንገድ 126 ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሁሉንም ደምሮ ልዩነቱ ትንሽ የሆነውን ይውሰድ፤ ለኮምፒውተር ይህ ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ድምር ብቻ ካየህ አንድ ባለ 2000 ከአራት ባለ 1200 ጋር ሆኖ አምስት ባለ 1360ዎችን ይገጥማል። ሁለቱም 6800 ነው፤ ቀመሩ እኩል ነው ይላል። ሜዳው ላይ የምታየው አንድ ሰው ሩሯን ይዞ ሲበር አራቱ ቆመው ሲያዩት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ከፍተኞች በተለያየ ጎን አስቀምጥ፣ ከዚያ የቀሩትን 8 ክፈል። ያኔ መንገዱ 70 ይሆናል። ሁለቱን ዝቅተኞችም እንዲሁ ብትለያያቸው 40 ይቀራል፣ አሁንም በቂ ነው። ሁለት ጀማሪ አንድ ቡድን ውስጥ ከገባ ቡድኑ እነሱን ነው የሚወቅሰው።

ጀማሪውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን 1200 ብለህ አትፍረድበት። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን አዲስ ሰው 30 ጨዋታ እስኪሞላ ድረስ የነጥቡን መለዋወጫ (በአንድ ጨዋታ ነጥቡ ሊለወጥ የሚችልበትን ትልቁን መጠን) 40 ያደርግለታል፣ ከዚያ 20፣ አንዴ 2400 የደረሰ ደግሞ 10። ሐሳቡን ውሰደው፦ መጀመሪያ ፈጥኖ ይውጣ ይውረድ፣ ቦታውን ሲያገኝ ይርጋ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች ቁጥሩን ለራሱም አታሳየው። ወደ ታች የሚሮጥ ቁጥር እያየ የሚቀጥል ጀማሪ የለም። ይሄው አሠራር አዲስ አካውንት ከፍቶ ጀማሪ ለማሳደድ የሚመጣውን ነባርም ይይዝልሃል፤ መለዋወጫው ትልቅ ስለሆነ ፈጥኖ ወደ መሰሎቹ ይጠጋል።

ድርብ_ብቻ፦

እኔ የምላችሁ፣ ለነባሩ ማን ያስብ? ሰው ጠብቆ ጠብቆ የሚገባው ለመፎካከር ነው። ሆታ ምናምን ግቡ፣ ችግር የለኝም። ራንክ ያለው ጨዋታ ላይ ግን ጀማሪ ሲገባ ቡድኑ ውስጥ ያለነውም እንጎዳለን። ለሁለት ክፈሉት፦ አንዱ ለፉክክር፣ አንዱ ለመዝናናት። ሁሉም ጌም እንዲያ ነው።

ባለ_ቀመር፦

@ድርብ_ብቻ ሁሉም ጌም እንዲያ የሆነው ሰው ስላለው ነው። 30 ሰው ለሁለት ወረፋ ስትከፍል ሁለት ባዶ ወረፋ ነው የምታገኘው። ማንም የማይገባበት ፉክክር ደግሞ ላንተም አይሆንህም።

በወረፋ ከመክፈል በሰዓት መክፈል ይሻላል። ራንክ የሚከፈተው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይሁን፤ በሌላው ሰዓት ሁሉም አንድ ላይ ያለ ነጥብ ይጫወት። ነባሮቹ ሰዓቱን ጠብቀው ስለሚመጡ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሳይጠብቁ እኩያ ያገኛሉ፣ ጀማሪውም መቼ መግባት እንደሌለበት ያውቃል። ሰዓቱን ስክሪኑ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ «ማታ 2፡00» ብላችሁ። በስልኩ ሰዓት 20፡00 ብሎ የሚያሳይ መርሐ ግብር አይታችሁ ከሆነ ግማሹ ሰው በስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቅ ነው የሚያመሸው።

ሰባት_ቤት፦

ከእንጅባራ። ስለ ቦት (ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያጫውተው ተጫዋች) ልጨምር፤ በዚህ የሰው ቁጥር ያለ ቦት አትወጡትም። ፎርትናይት እንኳ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ፣ በ2019 መጨረሻ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ቦት አስገብቷል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አንድ ሰው ከ9 ቦት ጋር ይግባ፣ ወይም 3 ለ 3 ከሆነ ከ5 ጋር። ሁለተኛው ላይ ተጋጣሚዎቹ ቦት ሆነው ወገኖቹ ውስጥ ሰው ይቀላቀል። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ በሁለቱም በኩል ቅልቅል። አምስተኛው ላይ እውነተኛው ሜዳ። የጀማሪ ተጋጣሚ የሆነ ቦት ሩሯን ካየ በኋላ 400 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘግይ፣ የሚመታበት አቅጣጫ እስከ 12 ዲግሪ ግራና ቀኝ ይሳት፣ ድርብ በፍጹም አይምታ። ደካማ ለማስመሰል ሩጫውን የምትቀንሱ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል። ጭቃ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ሰውም ወዲያው ይነቃበታል። ሩጫው እንደ ሰው ይሁን፣ ውሳኔው ይዘግይ።

ከተጋጣሚው ቦት ይልቅ የሚጠቅመው የወገኑ ነው። የወገን ቦት ሩር በያዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው ሰውየውን ይሁን፤ ክፍት ከሆነ ያቀብለው፣ ከዚያ ወደ ፊት ሮጦ ይጠብቀው። ጀማሪው በ10 ሰከንድ ውስጥ ሩር እግሩ ሥር ያገኛታል። ጣና_ዳር ያለው የንክኪ ልክ ያለ ምንም ድጋፍ ሰጪ ሕግ ይሞላል ማለት ነው።

ቦቱን የሰው ስም አትስጡት። «ቦት» የሚል ምልክት ይኑረው። በሐሰት ስም የተደለለ ሰው በኋላ ሲያውቅ ያሸነፋቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ይጠራጠራል። ጌም ቤት ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ በአንድ ቀን ይታወቃል።

ኔትወርክ ለሚቆረጥበትም ቦት ያስፈልጋችኋል። ሰው ከተቋረጠ ከ5 ሰከንድ በኋላ ቦት ቦታውን ይያዝ፣ ሰውየው በ90 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ያስረክበው። አሁን 5 ለ 4 የቀረው ቡድን ወዲያው የሚበተን ከሆነ ግማሹ «ጥሎ መውጣት» የሚባለው የሰው ፍላጎት ሳይሆን የሲግናል ነው። ቅጣት ያለው ሕግ ካላችሁ ቢያንስ በሳምንት የመጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ማሩ።

አባይ_ማዶ፦

እኔ የማየው ሌላ ቦታ ነው። ድርቡን ለመምታት የተሰጠው ጊዜ ስንት ሚሊሰከንድ ነው?

ሩር_ማርቆስ፦

120። ሰርቨሩ ነው የሚለካው።

አባይ_ማዶ፦

ይኸው! እንግዲያስ የችሎታ ፈተና ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ነገር የስልክና የኔትወርክ ፈተና ሆኗል።

ከባሕር ዳር ጀርመን በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደርሶ መልስ 10,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 50 ሚሊሰከንድ ማንም ሊቀንሰው የማይችል ነው። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጂቡቲ ወርዶ በባሕር ሥር ዞሮ ነው። በስልክ ዳታ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ፒንግ (የደርሶ መልስ ጊዜ) የተለመደ ነው፣ ማታ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ደግሞ ይዋልላል። በዚህ ላይ ስልኩ አለ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) በሚያሳይ ስልክ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 120 ማለት 7 ፍሬም ያህል ነው። 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ 30 ፍሬም ላይ ከወደቀ አንዱ 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ 3 ፍሬም ይታየዋል፣ አንዳንዴ 4። ሁለቱ አንድ ጌም እየተጫወቱ አይደለም። ጀማሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደካማውን ስልክ የያዘው ነው፤ ለጌም ብሎ ስልክ የገዛው ነባሩ ነው።

እንዲህ አድርጉት። ጊዜውን 200 አድርሱት። ከዚያ ቀድሞ ለተጫነ ምት የ100 ሚሊሰከንድ ማቆያ ይኑር፦ ሰውየው ትንሽ ቸኩሎ ቢለቅ ትእዛዙ አይጣል፣ ሩሯ ስትደርስ ይፈጸም። የጀማሪ ስህተት አብዛኛው መቸኮል ነው፣ ስለዚህ ይቺ ብቻዋን ብዙ ታድናለች። ሦስተኛ፣ መቼ እንደመታ ስልኩ ራሱ ሰዓቱን አብሮ ይላክ፤ ሰርቨሩ የደረሰበትን ቅጽበት ሳይሆን የተላከውን ሰዓት ይመልከት። ለማታለል በር ስለሚከፍት ገደብ አድርጉበት፦ ከ250 ሚሊሰከንድ በላይ ወደ ኋላ የሚል ምት ውድቅ ይሁን።

ነባሩ 200 ሲሰማ እንዳይቆጣ ጥንካሬውን በደረጃ አድርጉት። በመሃል 60 ሚሊሰከንድ ውስጥ ለመታ ሙሉው፣ ከዚያ ውጭ ግን በ200 ውስጥ ላለው 70 በመቶው። ድርብ ለሁሉም ይደረስበታል፤ ጥሩ ድርብ ግን አሁንም የጎበዝ ነው።

ቀላል ምትም ጨምሩ። ስትሪት ፋይተር 6 በ2023 ሲወጣ «ሞደርን» የሚባል አያያዝ ይዞ መጣ፦ ረጅም የጣት ቅደም ተከተል የሚጠይቀው ምት በአንድ ቁልፍ ይወጣል፣ ጉዳቱ ግን 80 በመቶ ነው። ነባሩ በእጁ ለፍቶ ቢያወጣው 100 ያገኛል። እናንተም አንድ ቁልፍ ስጡ፤ ሲነካ ሩሯን ክፍት ወደሆነው ቅርብ ወገን በ80 በመቶ ጉልበት ያቀብል። በቀላል ምት ድንበር ማሳለፍ ግን አይቻል፤ አለበለዚያ ነባሩም እሱን ብቻ ይዞ ይቀመጣል፣ ዱላ መሳብ የሚባለው ይጠፋል።

ጮቄ ሜዳችሁ ቁልቁለት አለው አይደል? ሩሯ የምትንከባለልበትን ሜዳ ለመጀመሪያ አምስት ጨዋታ አታሳዩት። አደባባዩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከዚያ ይጀምር።

ሩር_ማርቆስ፦

@አባይ_ማዶ ስለ ፍሬሙ በፍጹም አላሰብነውም፤ ዛሬውኑ እንለካዋለን። በሆትስፖት ያለ ኢንተርኔት መጫወት እንዲቻልም አስበናል። ያዋጣል?

አባይ_ማዶ፦

ያዋጣል፤ ለጌም ቤትና ለዶርም የተፈጠረ ነው። ፒንጉ ከጀርመን ጋር አይወዳደርም። ግን አብዛኛው አንድሮይድ በሆትስፖት የሚቀበለው 8 ወይም 10 ስልክ ብቻ ነው፣ ርካሹ ከዚያም ያነሰ። 5 ለ 5 ሲሆን 8 ብቻ በሚቀበለው ስልክ አሥረኛው ሰው ላይ ይቆምባችኋል፤ 3 ለ 3 ግን ያለ ስጋት ይገባል። ሆትስፖት የከፈተው ስልክ ሰርቨሩም እሱ ስለሚሆን ከሁሉ ጠንካራውን ስልክ ምረጡ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ፤ አለዚያ ስክሪኑ ሲደበዝዝ ሁሉም ይቆማል።

ዳታ የሚሳሳ ሰው ብዙ ስለሆነ ሒሳቡን ፊት ለፊት አሳዩት። በሰከንድ 20 መልእክት የምትልኩ ከሆነ፣ የሚሄደው 20 ባይት ከ28 ባይት ራስጌ (ከመልእክቱ ፊት የሚሄድ የአድራሻ መረጃ) ጋር፣ የሚመጣው የ10 ሰው ቦታ በ8 ባይት፣ እሱም ከ28 ጋር፤ በሰከንድ 3,120 ባይት ነው። በ5 ደቂቃ 1 ሜጋባይት አይሞላም። «አንድ ጨዋታ 1 ሜጋ ገደማ» የሚል መስመር መጀመሪያው ገጽ ላይ ቢኖር ጌም ዳታ ይጨርሳል ብሎ የሸሸ ሰው ይሞክረዋል። ስልክ ቁጥር አስገባ የሚለውን ደግሞ ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ አድርጉት። ገና ዱላ ሳይጨብጥ ቁጥር የሚጠየቅ ሰው ይዘጋዋል።

አሲና_በይ፦

ስለ ቻት ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ሰው ከመሸነፉ ይልቅ በቻቱ ነው የሚወጣው ባይ ነኝ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏል። መነቋቆሩ የገናው ግማሽ አካል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ብትዘጉት ሌላ ጌም ይሆንባችኋል። ልዩነቱ ሜዳ ላይ የሚነቋቆሩት ሰዎች ይተዋወቃሉ፣ ማታም አብረው ይበላሉ። ኦንላይን ላይ ጀማሪው ስድቡን እንጂ ሰውየውን አያውቀውም። ነፃ ቻቱን ለመጀመሪያ 10 ጨዋታ ዝጉት፣ ከዚያም ሰው ፈልጎ ካልከፈተው ዝግ ይሁን። በምትኩ የተዘጋጀ አጭር ቃል ስጡ። ኤፔክስ ሌጀንድስ በ2019 ሲመጣ ቦታና ዕቃ ጠቁሞ ያለ ንግግር መግባባት እንደሚቻል አሳይቷል፤ እናንተም ሜዳው ላይ ጣት ሲነካ «እዚህ» የሚል ምልክት ለወገን ይታይ።

ቃላቱ ላይ ተጠንቀቁ። አሁን ያላችሁት «አቀብለኝ»፣ «ተመለስ»፣ «ተሸንፈሃል» ከሆነ ጌሙ ለወንድ ብቻ ነው የሚያወራው። «አንተ» እያለ የሚያዛት ጌም ውስጥ ያለች ልጅ እንግድነቷን በየደቂቃው ነው የምትሰማው። ጾታ ጠይቆ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ግን ሥራ ያበዛል። ግሡን ብትተዉት ይቀላል፦ «ወዲህ!»፣ «ወደ ኋላ!»፣ «የእኔ ናት!»፣ «ግሩም!»። መጨረሻው ላይ «ተሸንፈሃል» ሳይሆን «የእናንተ 2፣ የእነሱ 5»።

«ግሩም!» የሚለውም መርዝ ይሆናል። ሮኬት ሊግ ውስጥ ጎል ጠባቂን የሚያደንቀው አጭር መልእክት ጎል የተቆጠረበትን ሰው መሳለቂያ ሆኖ ነው የታወቀው። ስለዚህ «ግሩም!» የሚሠራው ወገኑ ሩር ካቀበለ ወይም መንገድ ከዘጋ በኋላ ባሉት 3 ሰከንዶች ብቻ ይሁን፤ ሩር ለሳተ ሰው ቁልፉ ራሱ አይታይ። ነቆራው ግጥም ሆኖ ይቅር፦ ሁለት መስመር፣ በጨዋታ ሁለት ጊዜ፣ ከቡድን ወደ ቡድን እንጂ የሰው ስም ላይ የማያርፍ። የተቀበለው ቡድንም መልስ የሚመርጥበት 10 ሰከንድ ይሰጠው። መልስ የሌለው ነቆራ ስድብ ነው።

ሩር_ማርቆስ፦

@አሲና_በይ «አቀብለኝ» እና «ተመለስ» በትክክል ያሉን ቃላት ናቸው፤ ይቀየራሉ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ 4 ለ 0 ከሆነ በኋላ ያለው ሁለት ደቂቃ። ማንም አይደሰትበትም፤ የሚመራውም ይሰለቻል።

ጣና_ዳር፦

5 ደቂቃውን ሦስት ዙር አድርጉት፣ እያንዳንዱ 100 ሰከንድ። ሁለት ዙር የወሰደ ያሸንፋል፤ በየዙሩ ነጥቡ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ዙር ውስጥ 3 ለ 0 ከሆነ ዙሩ እዚያው ያልቅ። በጣም የተበለጠ ቡድን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይገላገላል፣ ትንሽ የተበለጠው ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። በዙሮቹ መሃል 10 ሰከንድ ዕረፍት ስጡና ባለ_ቀመር ያለውን ክፍፍል እንደገና አስሉት፤ አንደኛው ዙር 3 ለ 0 ካለቀ ሁለት ሰው ይቀያየር።

ሌላው ያስቆጠረ ሰው 15 ሰከንድ ከሜዳ ውጭ ይቁም የሚለው ነው። ፊፋ 19 ውስጥ ጎል ያገባ ቡድን አንድ ተጫዋች የሚቀነስበት ጨዋታ አለ፤ የተበለጠው በራሱ ጊዜ ይነሳል።

ድርብ_ብቻ፦

ዙሩን ተቀብያለሁ፣ ጥሩ ነው። 15 ሰከንዱ ግን ቅጣት ነው። አገባሁ ብዬ ልቀጣ? ማሪዮ ካርት ውስጥም የመራ ሰው ሙዝ ልጣጭ ይደርሰዋል፣ የኋለኛው ጥይት የሆነ ዕቃ። ለቤተሰብ ጨዋታ ይሁን፣ እዚህ ግን አይሆንም።

ጣና_ዳር፦

ራንክ በሚከፈትበት ሰዓት አይኑር፤ በዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። በሌላው ሰዓት ግን አንተ ራስህ ምን እንደምታደርግ አስበው። ሦስት ሰው ያለው ቡድን ውስጥ ነህ፤ ራስህ ብታሳልፋት ቡድንህ 15 ሰከንድ በሁለት ሰው ይቀራል፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ደካሞች ናቸው። ድንበር አፍ ላይ ደርሰህ ለጀማሪው ብታቀብለውና እሱ ቢያሳልፋት አንተ ሜዳ ላይ ትቆያለህ። ማንም ሳይለምንህ ታቀብላለህ።

ድርብ_ብቻ፦

እሺ፣ እሱስ ልክ ነው። ግን ያ ጀማሪ በሕይወቱ የመጀመሪያውን አስቆጥሮ 15 ሰከንድ ውጭ ሊቆም ነው?

ጣና_ዳር፦

አይቆምም። ሕጉ የሚሠራው በዚያ ዙር ከሁለተኛው ነጥቡ ጀምሮ ይሁን፤ የመጀመሪያው ለማንም ነፃ ነው። 10 ጨዋታ ያልሞላውን ሰው ደግሞ ጨርሶ አይንካው። ኮዱ ውስጥ የሚወጣውን ሰው ስትመርጡ ሩሯን መጨረሻ የነካውን እንጂ ድንበር ስታልፍ አጠገቧ የነበረውን አትውሰዱ፤ ተጋጣሚ ዱላ ላይ ነጥራ የገባች ከሆነ ማንም አይውጣ።